የእትዬ ቅባት ማርከሮችና የባሏ ግራሶ

ሰው ሁሉ «እትዬ ቅባት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የልብስ ስፌት ፋብሪካው ጸሐፊ ነው፤ እሷም ሳትወደውም ሳትጠላውም ተቀብላ ኖረችበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ፋብሪካ የስፌት መኪና ስትጠግን ነበር። ሁለት መቶ መኪና በአንድ አዳራሽ ሲንጫጫ እሷ በሩ ላይ ቆማ የትኛው ዘይት እንደጠማው በድምፁ ትለይ ነበር። «ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለችው እያለቀሰች ነው» ትላለች፤ ሄደው ሲያዩ እውነትም መርፌ መያዣው ደርቆ ያገኙታል።

ፋብሪካው ሲዘጋ አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሦስት ወር ቤት ተቀመጠች። ምን ዋጋ አለው፣ እጇ አያርፍም፤ የቤቱን ማጠፊያ ሁሉ ቀብታ ጨረሰች፣ የጎረቤቱን መቀስ ሁሉ ሞረደች፣ ደህና የሚሠራውን የግድግዳ ሰዓት ፈታ ገጠመች። ባሏ አንድ ቀን ሻዩን እየጠጣ አያትና «እንግዲህ የቀረሽ እኔን መፈታታት ብቻ ነው» አላት። በማግስቱ ከከተማው ዳር የቀለም ኳስ መጫወቻ የከፈተ ወጣት ጥቃቅን ብሎን የማይፈራ ሰው እየፈለገ ነው ሲባል ሰማች፤ ካቻቢቴዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች።

ሜዳው አሮጌ ጎማ፣ የተገለበጠ በርሜልና የጣውላ ግድግዳ የተበተነበት ሰፊ ግቢ ነው። ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው፣ ቀለም በተሞሉ ትናንሽ ኳሶች ይተኳኮሳሉ፤ የተመታ ይወጣል። መተኮሻውን «ማርከር» ይሉታል። መልኩ ጠመንጃ ይምሰል እንጂ ባሩድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ኳሱን የሚገፋው ከኋላው በተገጠመች ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር ነው። ባትሪ አለው፤ ከጥፍር የማትበልጥ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለችው፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ ፒስተን አለ። አየር እንዳያሾልክ ፒስተኑን የታጠቁት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ሥራው ሁሉ እዚያ ቀለበት ላይ ነው።

እሷ ግን ይህን ያወቀችው አጥፍታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንቷ አንዱን ማርከር ፈትታ አየችና «ይሄማ የስፌት መኪና የአጎት ልጅ ነው» አለች። ከፋብሪካ ይዛ የወጣችውን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሳፍሯት የማያውቀውን ነጭና ቀጭን ዘይት በስምንት ማርከር ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። ቅዳሜ ጨዋታ በተጀመረ በሰዓቱ ስምንቱም ተራ በተራ ታመሙ። አንዱ እንደ እባብ ያፏጫል፣ አንዱ ፒስተኑ ሄዶ አይመለስም፣ አንዱ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ቀጭኑ ዘይት ከአየሩ ጋር እየተንሸራተተ እዚያች ጥፍር የምታህል ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ጎማዋን አሳብጧት ኖሯል።

ሜዳውን የከፈተው ወጣት ሥራ አስኪያጅ መጥቶ የተደረደሩትን ሲያይ ማን ነካቸው ብሎ ሳይጠይቅ «እኔ ነኝ» አለችው። «ዘይቱ ጥሩ ነው፤ ቦታው አይደለም።» ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ «እትዬ፣ የሚሆነውን ይፈልጉልኝ» ብሎ ሄደ።

ፈለገች። የወርክሾፑ መስኮት ላይ አሥራ አንድ ብርጭቆ ደረደረች፤ በየብርጭቆው የተለያየ ቅባት አደረገችና አንድ አንድ የጎማ ቀለበት ነከረችበት። በየሳምንቱ ታወጣና በሚስማር ላይ አጥልቃ ታያለች። የስፌት መኪና ዘይት የነካው ቀለበት አብጦ ይለሰልሳል። የሚረጨው ዘይት ደግሞ የነበረውን ቅባት አጥቦ ይወስድና ራሱ ይተናል፤ ጎማው ደረቅ ይቀራል። የመኪና ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያላበጠውንም በውፍረቱ ያንቀዋል፤ ጠዋት ብርድ ላይ ፒስተኑ እንደ ታመመ ሰው ይጎተታል። በመጨረሻ ለጎማ ቀለበት ተብሎ የተሠራ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ የሚሸጥ ጥርት ያለ ቅባት አገኘች። ሁለት ወር ሙሉ ተነክሮ ቀለበቱ እንደ ተወለደ ወጣ። መጠኑንም ተማረች፦ ጎማው ላይ ያብረቀርቃል እንጂ አይታይም። ከታየ በዝቷል። ቫልቯንና ምላጩን ደግሞ ጨርሶ ቅባት አታስነካቸውም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አንድም ማርከር በእጇ አልታመመም።

ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጋራዡን ትቶ ቤት ገባ። የሚስቱ ሥራ ሁልጊዜ ያስቀዋል። «እንዴት ዋለች የመጫወቻ ሐኪም?» ይላታል ማታ ስትገባ። ስለ ቅባቱ ስትጨነቅ ሲያይ «አንቺ ሴትዮ፣ ግራሶ ግራሶ ነው! እኔ ሃያ ቶን የሚጭን መኪና በአንድ ጣሳ ግራሶ አቁሜያለሁ» ይላታል። እሷ «አይገባህም» ብላ ታልፈዋለች። ለምን እንደማይገባው ግን አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

እንዲህ እያሉ ሳሉ የእህቷ ነገር መጣ። እህቷ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ልታደርግ ሐሙስ ቀጠሮ ተሰጣት። ቅዳሜ ደግሞ ሜዳው ላይ አርባ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይጠበቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ሲጨነቅ ባሏ «እኔ ምን ሥራ አለኝ? ሁለት ቀን ልያዝላት» አለ። እሷ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ጣቷን ቀስራ «ቀለም የነካውን ጥረግ። ባትሪዎቹን ቻርጅ አድርግ። ሌላ ነገር አትንካ። በተለይ ቅባት እንዳትነካ!» አለችው። እሱ እንደ ወታደር ተረከዙን አጋጭቶ «እሺ እመቤቴ!» አላት። ሳቀችና ሄደች።

እህቷ በሰላም ወጣች። እትዬ ቅባት ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍራ ተመለሰች፤ ቤት እንኳ ሳትደርስ፣ ለጉዞ ያደረገችውን ስስ ክፍት ጫማ ሳትቀይር ቀጥታ ወደ ሜዳው ሄደች። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ቆሟል። ሰዎች እየተሳሳቁ ጭንብል ይለካሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ።

የወርክሾፑን በር ከፍታ አንድ እግሯን እንዳስገባች ቆመች። የጋራዥ ሽታ ነው የተቀበላት። ሃያ አራቱ ማርከሮች መደርደሪያው ላይ እንደ ሙሽራ አብረቅርቀው ተደርድረዋል። ባሏ የእሷን ሽርጥ ታጥቆ፣ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። አንድ ቦታ ባዶ ነው፦ ሃያ አምስተኛው ማርከር የለም። ይህን ግን ያኔ ልብ አላለችውም።

«ምን ቀባሃቸው?» አለችው።

«እንኳን ደህና መጣሽም የለ፣ እህትሽስ...»

«ደህና ናት። ምን ቀባሃቸው አልኩህ?»

«ግራሶ ነዋ! ኩሽኔታ ላይ የምናደርገውን፣ ምርጡን! ትናንት ብፈታቸው ሁሉም ድርቅ ብለዋል። እስኪ አንቺ፣ ሰው ደረቅ ጎማ በብረት ላይ ያስኬዳል? ምላጩም ሲነካ ይንቀጫቀጭ ነበር፣ እሱንም አጠገብኩት።» ፈገግ አለ። «አታመስግኚኝ፤ አውቀዋለሁ ልብሽ ውስጥ ነው።»

አጠገቧ ያለውን ማርከር አንስታ የኋላውን ክዳን ፈታች፤ ፒስተኑን ሳበችው። ሌላ ጊዜ በሁለት ጣት ይወጣል፤ አሁን እንደ ቡሽ ተጣብቆ ታገላት። ሲወጣ በቡናማ ግራሶ ተለውሷል። ቀለበቱን በጥፍሯ ጫነችው። ለስልሷል፤ አንድ ቀን ሙሉ ሲጠጣ ነው የዋለው። ተቆጥታለች፣ ግን ከቁጣው ቀድሞ ሌላ ነገር አሰጋት።

«ሌላስ ምን ቀባህ?»

«የሚጮኸውን ሁሉ።»

«ምን ምኑን?»

«የበሩን ማጠፊያ... የዚያን ወንበር እግር... የአየር መሙያውን አፍ። አልገባ ብሎ ያቺን ዳኛ ልጅ ሲያስቸግራት አየሁና ቀባ ቀባ አደረግሁለት። አሁን ሲገባ አይሰማም።»

ማርከሩን መደርደሪያው ላይ ጣለችው። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ የአየር መሙያው ክፍል በር ሲከፈትና ሲሊንደር ከወለል ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ዕድሜዋን ረስታ ሮጠች።

የአየር መሙያው ክፍል ጠባብ ነው። ሰው የሚያህሉ ሦስት ትላልቅ የአየር ሲሊንደሮች በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ታስረዋል፤ ከእነሱ አንድ ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ጫፍ ላይ ትንሿ ሲሊንደር ትገጠማለች፤ ከዚያ ቫልቩ ሲከፈት ትሞላለች። ዳኛዋ እዚያ ነበረች፦ ረጅም፣ ቀልጣፋ ልጅ፣ ጨዋታ የምትመራና ጠዋት ጠዋት አየር የምትሞላ። ትንሿን ሲሊንደር ገጥማ እጇን ቫልቩ ላይ አሳርፋለች።

«እንዳትከፍቺው!»

ልጅቷ ዞር አለች። እጇ ግን ቫልቩ ላይ ነው። «ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«እጅሽን አንሺ። ምንም ሳታዞሪ አንሺና ወደ እኔ ነይ።»

ድምፅዋን አልጨመረችም፤ እንዲያውም ቀነሰችው። ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ሳይሆን ፊቷን አይታ መሰለኝ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቫልቩ አነሳች። እትዬ ቅባት አለፈቻትና የሦስቱን ትላልቅ ሲሊንደሮች ቫልቭ አንድ በአንድ ጠርቅማ ዘጋች። ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር በማስተንፈሻው ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። የግፊት መለኪያው ጌጅ መርፌ ወርዶ ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ትንሿን ሲሊንደር ነቀለችና የመሙያውን አፍ በነጭ ጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ቡናማ ሆነ።

ባሏ እያነከሰ ደረሰ፤ ሥራ አስኪያጁም ከኋላው።

«ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ?» አለ ባሏ። «ግራሶ እኮ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት እጄ ላይ የኖረ ነገር ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ግራሶ ሰው የሚገድለው? እሳት የለ፣ ክብሪት የለ...»

ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ዞረችበት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ አለው?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«መልስልኝ። አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ናፍጣው በምን ይነዳል?»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። «አየሩ ሲታመቅ...» አለና እዚያው ላይ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያወቀው ነገር ነው፤ አየር ባንዴ ሲታመቅ ይግላል፣ ግሎም ናፍጣውን ያለ ክብሪት ያቀጣጥለዋል። ትላልቆቹን ሲሊንደሮች አየ። ቱቦውን አየ። ቫልቩ በኃይል ተከፍቶ ያ ሁሉ አየር በአንድ ጊዜ ግራሶ የተቀባ ጠባብ አፍ ውስጥ ሲገባ ታየው። እጁ ላይ የቀረውን ግራሶ በሽርጡ ጠረገ።

«ስንት ሞላሽ?» አለቻት ዳኛዋን።

«አንድ ብቻ። ቀስ ብዬ ነው የሞላሁት፣ እትዬ፣ እንዳስተማሩኝ።» ልጅቷ በእጇ ወደ ዒላማው በኩል አመለከተች። «የሰዎቹ አለቃ ዒላማ ላይ ልሞክር አለ፣ አንድ ማርከር ላይ ገጥሜ ሰጠሁት።»

ያኔ መደርደሪያው ላይ ያየችው ባዶ ቦታ ትዝ አላት።

የዒላማ መለማመጃው ከወርክሾፑ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሃምሳ እርምጃ ግን እንዲህ ይረዝማል ብላ አስባ አታውቅም። አለቃየው ሸሚዙን በሱሪው ከቶ፣ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያነጣጥራል። ከኋላው ስድስት ሰባት ሠራተኞች ቆመዋል፤ ጭንብላቸው በእጃቸው ነው፣ አንዷ ስልኳን ደግና ትቀርጸዋለች። ሕጉ ማንም ያለ ጭንብል እንዳይቆም ይላል፤ ግን ሕጉን የምታስከብረው ዳኛ አየር መሙያ ክፍል ነበረች።

«ያስቀምጡት!» እያለች ሮጠች። አለቃየው አልሰማትም። ምላጩን ሳበ። አንድ ኳስ ወጥታ ጣውላው ላይ ፈነዳች፤ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ሁለተኛ ወጣች። ሦስተኛ። አለቃየው ጣቱን አነሳ፤ ማርከሩ ግን አልቆመም። ምላጩ በግራሶው ተይዞ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ከኋላው ባለችው የመተኮሻ ማብሪያ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማርከሩ በተኮሰ ቁጥር ይነቀነቃል፣ በተነቀነቀ ቁጥር ማብሪያዋን መልሶ ይነካታል። ታ ታ ታ ታ እያለ ሄደ።

ሰውየው ደነገጠ። የደነገጠ ሰው ደግሞ እርዳታ ፍለጋ ወደ ሰው ይዞራል። ማርከሩን እንደያዘ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

አፈሙዙ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ እትዬ ቅባት ደረሰችበት። በሁለት እጇ አፈሙዙን ይዛ ወደ መሬት ደፈቀችው። መሬት ላይ ደግሞ የነበረው የእሷ እግር ነው። ኳሶቹ በዚያ ስስ ጫማ ላይ፣ በባዶው የእግሯ ጀርባ ላይ ይፈነዱ ጀመር። ማጥፊያዋ ቁልፍ ለሁለት ሰከንድ ካልተጫነች አትሠራም፤ ሳይታሰብ እንዳትጠፋ ተብሎ የተደረገ ነው። አንድ እጇን ከአፈሙዙ ሳትለቅ በሌላው አውራ ጣቷ ቁልፏን ፈልጋ ጫነች። ጣቷ በግራሶ አዳለጣት። እንደገና ጫነች። ያ ሁለት ሰከንድ የእግሯን አጥንት እየቆጠረ ነው ያለፈው።

ቆመ።

«እኔ እኮ ጣቴን አንስቻለሁ» አለ አለቃየው። ጣቱን ቀስሮ አሳያት። «በእውነት አንስቻለሁ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ወንድም። እርስዎ ምንም አላጠፉም።» ሲሊንደሯን ፈታ አወጣችና አጠገቧ የነበረ ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠች። እግሯ ቢጫ ቀለም ለብሷል፤ ከቢጫው መሐል ቀይ እየወጣ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ደርሶ እግሯን አየ፣ ማርከሩን አየ፣ ከዚያ አውቶቡሱን አየ። «እትዬ፣ አርባ ሰው ነው። ከሩቅ ነው የመጡት። የቀሩትን ማርከሮች ጠርገን... ቢያንስ ግማሹን ብናወጣ?»

«አንድም አይወጣም።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ዛሬ ማርከሮቹ ታመዋል በላቸው። እኔን አባርረህ ከሆነ አውጣቸው፤ እኔ እያለሁ ግን ከመደርደሪያው አንድም ንቅንቅ አይልም።»

ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን በሁለት እጁ ያዘ። በመጨረሻ ነገሩን የቋጨው አለቃየው ነው። ጭንብሉን ከግንባሩ አውልቆ አቧራውን አራገፈና ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ይቺ እናት ፊታችሁን ነው ያተረፈችላችሁ። አይሆንም ካለች አይሆንም። በሌላ ቅዳሜ እንመጣለን» አለ። ጥቂቶቹ አጉረመረሙ፤ ስልኳን ይዛ የነበረችው ሴት ግን መጥታ እትዬ ቅባት እግር ሥር ተንበረከከችና በራሷ መሐረብ ቀለሙን ትጠርግላት ጀመር።

ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ወርክሾፑ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ እግሯን በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ውስጥ ከታለች፤ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጓል። ሃያ አምስት ማርከር አንድ በአንድ እየፈቱ፣ ግራሶውን በጥጥ እየጠረጉ፣ ያበጡትን ቀለበቶች ወደ ጣሳ ይጥላሉ። የሚሰማው የብሎን መፍቻው የብሩጎላው ድምፅና ቀለበት ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ ብቻ ነበር።

አሥረኛው ላይ ሲደርሱ እሱ ቀና ሳይል «ልጅቷን እገድላት ነበር» አለ።

አንድ ቀለበት በጥፍሯ አውልቃ ጣሳው ውስጥ ጣለች።

«የሰው ልጅ፣ በእኔ ግራሶ።» ፒስተኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አትንካ አላልኩህም?»

«አትንካማ ብለሻል። አትንካ ለሕፃን ይበቃል። እኔ መካኒክ ነኝ። ለምን እንደማይነካ ብትነግሪኝ እነካ ነበር? አንድ ቃል ነው እኮ። ናፍጣ ብትይኝ ይበቃ ነበር።»

ልትጮህበት ተዘጋጅታ ነበር፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን አልወጣም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሲጠይቃት፣ ሲያሾፍም ቢሆን ሲጠይቃት፣ «አይገባህም» እያለች ስታልፈው ታያት። ለምን ነበር? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ስለ ብረትና ስለ ሞተር የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ጎረቤት ጀነሬተር ሲበላሽበት የሚጠራው እሱን ነው፤ እሷ «የስፌት መኪናዋ» ነበረች። ያቺ ጥርት ያለች ቅባት እሱ የማያውቃት፣ የእሷ ብቻ የሆነች ነገር ነበረች። እንዲያውቃት አልፈለገችም። ደስ ይላት ነበር።

ይህን አሁን ለራሷ ማለት ከእግሯ ሕመም ይልቅ ከበዳት።

«ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር» አለችው በመጨረሻ። «ስስት ነው። ሌላ ነገር አይደለም።»

እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር። «እኔም አትንካ ሲሉኝ ነው እጄን የሚበላኝ» ብቻ አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ጎትቶ አስጠጋና «በይ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ይሄ ቀለበት ምን ይወዳል፣ ምን ይጠላል?» አላት።

ነገረችው። ስለ አሥራ አንዱ ብርጭቆ ነገረችው፤ ስምንት ማርከር እንዴት እንደገደለች እንኳ አልደበቀችውም፤ እሱም ያን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ስምንት! እና ለእኔ ነው ጣትሽን የምትቀስሪው?» አላት። እሷም ሳቀች፤ እግሯ ባልዲው ውስጥ ሲነቃነቅ አመማትና «ኧረ አታስቀኝ!» አለችው።

ከሃያ አምስቱ ማርከሮች አሥራ ስምንቱ ዳኑ። ሰባቱ ግራሶው ቫልቫቸው ውስጥ ድረስ ዘልቆባቸው ስለነበር አዲስ ቫልቭ እስኪመጣ ድረስ ተቀመጡ። የአየር መሙያው ቱቦና አፉ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፤ ግራሶ ባለው አፍ የተሞላችውም ሲሊንደር አየሯ ወጥቶ ለባለሙያ ምርመራ ተላከች፤ ሃያ አራት ሲሊንደር ቀረ። የክፍሉ በር ላይ ሥራ አስኪያጁ «ቅባትና ዘይት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። እትዬ ቅባት አይታው እስክሪብቶ አወጣችና ከሥሩ ለምን እንደተከለከለ በሦስት መስመር ጻፈችበት። የእግሯ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ወደቀ፤ ሁለት ሳምንት በባሏ ሰፊ ጫማ ነው የተራመደችው።

ሰዎቹ በሁለተኛው ቅዳሜ ተመለሱ፤ ሁሉም ባይመጡም ሠላሳ ያህል ነበሩ። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ባሏ በሳምንት ሁለት ቀን አብሯት እንዲሠራ ተስማምተው ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ ለእሷ አሳይቶ፣ ወደ አየር መሙያው ክፍል ገባ። ዳኛዋ ከበሩ ውጭ ቆመች፤ ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈረችም፣ ማንም አልፈረደባትም።

እትዬ ቅባት ከባሏ አጠገብ ቆመች። ትንሿን ሲሊንደር ገጠመ። የቱቦውን አፍ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን አሳያት፤ ነጭ ነው። እጁን ቫልቩ ላይ አደረገ። ያ ከሃያ ቶን መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን የሚፈታ እጅ፣ ሳያዞር ቆየ።

«ቀስ» አለችው።

«ስንት ያህል ቀስ?»

«መርፌዋ እየሄደች መሆኗን ልታውቅ እስኪከብድህ ድረስ።»

የቫልቩን እጀታ ከፀጉር በማይበልጥ አዞረው። አየሩ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ መግባት ጀመረ። መርፌዋ ተነሳች፤ አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ሁለቱም ዓይናቸውን ከጌጁ ላይ አልነቀሉም። ሲሊንደሯ ሞልታ ቫልቩን ሲዘጋ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

«አንድ» አለ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ። «ሃያ ሦስት ቀረን። ወንበር አምጪልኝ እባክሽ፣ ጉልበቴ አይቆምልኝም።»

ሄዳ ሁለት ወንበር ይዛ መጣች።